አቧራና ዝገት፦ የታንክ ሞዴል ቀለም ከዋግ ተራሮች ሲታይ

ከማይጨው ዘመን የቀሩልን የጣሊያን ታንኮች ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። ታሪክ ጸሐፊ በዚህ ብዙም አይቸገርም፤ ታንኩ የት እንደነበረ፣ መቼ እንደተመታ ካወቀ ሥራው ይሄድለታል። የታንክ ሞዴል የሚሠራ ሰው ግን ዋናው ነገር ተደብቆበታል። ቀይ ቡናማና አረንጓዴ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ፕላስቲኩን ቆርጦ፣ ሞርዶና አጣብቆ ከጨረሰ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ቀለሙ ምን ነበር? ምን ያህልስ ደብዝዞ፣ አቧራ ለብሶ፣ ተላልጦ ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በየውድድሩ የሚታዩት የታንክ ሞዴሎች አብዛኞቹ ዝገት ይበዛባቸዋል፤ ሠሪው እጁ እንደሠለጠነ ለማሳየት ሲል ትናንት ከፋብሪካ የወጣውን ታንክ የሃምሳ ዓመት ቁራጭ ብረት ያስመስለዋል። ጭቃውም ቢሆን የሩሲያና የቤልጂየም ጭቃ ነው። ታንክን የሚያስረጀው አገሩ ነው፤ በዚያ አገር የቆየበት ዘመንም ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ከሰቆጣና ከዙሪያዋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል፤ ታንክ እንደ ልቡ ሊሄድበት የማይችል አገር ቢሆንም፣ ዙሪያውን ለዘጠና ዓመት ያህል ታንክ ሲመላለስበት ኖሯልና።

በቅድሚያ ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። ታንክ በፕላስቲክ ተቀርጾ፣ በሳጥን ታሽጎ ለገበያ መውጣት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የእንግሊዙ ኤርፊክስ ጥቃቅኖቹን ሲያወጣ፣ ሺዙኦካ ከተማ ያለው የጃፓኑ ታሚያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ አድርጎ ሠራ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የ1 ለ 35 ልክ የመጣውም ከዚያ ታንክ ነው። መሐንዲሶቹ በወታደራዊ ስሌት አልመረጡትም፤ የባትሪ ድንጋዮቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ የሚያስፈልገው ስፋት ያን ልክ ሰጣቸው። ያን ጊዜ ቀለም ማለት አንድ ወጥ አረንጓዴ ነበር፤ ልጅ ይጫወትበታል፣ ይሰብረዋል፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነገሩ የአዋቂ ሥራ ሆነ። ቤልጂየማዊው ፍራንስዋ ፈርሊንደንና አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ብሩሽን በጨርቅ ጠርገው ሊደርቅ ሲል ጠርዝ ጠርዙን በፈዛዛ ቀለም መዳሰስን፣ በብዙ ቲነር የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ደግሞ በየስንጥቁ እንዲወርድ ማድረግን በሰፊው አስለመዱ። ከዚያ ስፔናውያን መጡ። በተለይ ሚጌል ሂሜኔዝ በሠዓሊዎች የዘይት ቀለምና በደቃቅ የቀለም ዱቄት የሚሠራውን ስልት ከራሱ አልፎ ለዓለም ገበያ አቀረበው። ከሁሉ የሚያስገርመው የፀጉር ስፕሬዩ ዘዴ ነው። መጀመሪያ የዝገት ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ የሴቶች ፀጉር ማስያዣ ስፕሬይ ይነፋበታል፤ በላዩ አረንጓዴው ይደረባል። ከዚያ በውሃ በራሰ ብሩሽ ሲታሽ ስፕሬዩ ይሟሟና አረንጓዴው እንደ እውነተኛ ቀለም እየተላጠ ይነሳል። ባትላሜራ ቤት ያለ ባለሙያ ዝገቱን ፍቆ፣ በስቱኮ ደፍኖ፣ ሸካራ ወረቀት አሽቶ መኪናውን አዲስ ለማስመሰል የሚደክመውን ያህል፣ ይኸኛው በተቃራኒው ይደክማል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልኩ ጋር ይመጣል። በ1 ለ 35 ሞዴል ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የምታክል ልጣጭ በእውነተኛው ታንክ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ናት። ስለዚህ በወፍራም ብሩሽ የተነካ ጭረት ሁሉ የመድፍ ጥይት ያገኘው ይመስላል። ቀለሙም እንደዚያው ነው፤ የእውነተኛውን ታንክ ቀለም ከቆርቆሮው ቀድቶ ትንሿን ሞዴል የቀባ ሰው ጠቆር ያለ ነገር ያገኛል። ሞዴልን በእጃችን ይዘን ስናየው እውነተኛውን ታንክ ከሩቅ እንደማየት ነው፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር ደግሞ በመካከል ባለው አየር ይፈዛል። ስለዚህ ነጭ ወይም ክሬም ጠብ ይደረግበታል።

ወደ ዋግ እንመለስ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዋግን ይገዙ የነበሩት የዋግ ሹሞች ከተማ ናት። ምዕራቡ ወደ ተከዜ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደጋው ባንድ ቀን መንገድ ቆላ ይሆናል። አፈሩ ስስ ነው፣ ድንጋይ ይበዛዋል፤ ክረምቱ አጭር ነው፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የወጣው ብሔራዊ ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ይህ ሁሉ የሞዴል ሠሪ ጉዳይ ነው። ዝናብ ባጠረበት አገር ዝገት ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ አቧራ ይፈጥናል። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታልና ቀለም ከዝገቱ ቀድሞ በፀሐይ ይሞታል። አረንጓዴው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ያመድማል፤ መጀመሪያ የሚያመድመውም ወደ ሰማይ የዞረው ገጽ ነው። የአውሮፓ መመሪያ መጽሐፍ «ጭቃ» ባለበት ሁሉ የዋግ ታንክ «አቧራ» ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ታንክ እንውሰድ። ጣሊያኖች ካሮ ቬሎቼ 33 ያሉት ነው። ከሦስት ቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ15፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው አጠገቡ ቢቆም ደረቱ ጋር ይቀራል። የሆንግ ኮንጉ ብሮንኮ በ1 ለ 35 ያወጣው ሞዴል 9 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሲጋራ ፓኮ ብዙም አይበልጥ። እንደ ሌሎች ታንኮች ከላይ የሚዞር ማማ የለውም። መትረየሶቹ ከፊት ለፊት ተተክለው ወደ ጎን በጥቂቱ ብቻ ይዞራሉ። ከኋላው ዕውር ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር እነዚህ ታንኮች አብረው ገቡ። ታኅሣሥ 5 ቀን የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ውስጥ ደምበጉና ላይ ገጠማቸው። የኢትዮጵያ ተዋጊዎች የታንኩን ድክመት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ፣ ላዩ ላይ እየወጡ በጎራዴና በጠመንጃ ያዙት። በመጽሐፍ ላይ ከሚነበበው የዚያ ጦርነት የታንክ ታሪክ ሁሉ ይህ በጣም ይስበኛል፤ ሞዴል ለሚሠራም ሰው ከዚህ የተሻለ ትዕይንት የለም።

ቀለሙ ላይ ክርክር አለ። በአገራቸው ግራጫ ያለበት አረንጓዴ ይቀቡ ነበር፤ ለአፍሪካው ዘመቻ ቀይ ቡናማ መደብ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ የሚሰጡት ብዙዎች ናቸው። እኔም ቀይ ቡናማውን እመርጣለሁ፤ ያ ቀለም ከትግራይና ከዋግ አፈር ጋር ሲሆን በእርግጥ ይደበቃል። ነገር ግን በቀለሙ ብንለያይም በአረጃጀቱ ልንለያይ አይገባም። ከመረብ እስከ ደምበጉና ከሁለት ወር ተኩል አይበልጥም፤ ያውም ክረምት ካለፈ በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት። በዚህ ጊዜ የሚዝግ ነገር የለም። ታንኩ ላይ ሊኖር የሚገባው የሚከተለው ነው፦ ከሰንሰለቱ በላይ እስከ ግማሽ ጎኑ የወጣ ፈዛዛ አቧራ፤ የቁጥቋጦ እሾህ ጎኑ ላይ ያሰመራቸው፣ ቀለሙን ያልጣሱ ቀጫጭን ጭረቶች፤ ድንጋይ እየፈተገ እንደ ብር ያበራው የሰንሰለቱ ጥርስ፤ ሰዎቹ ሲገቡና ሲወጡ ጫማቸው የላጠው የመክፈቻው ዙሪያ። አቧራውን ለማምጣት ደግሞ ውድ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም። ደረቅ አፈር በጨርቅ ተነፍቶ፣ በሙቀጫ ልሞ፣ ጠብ በሚል ቲነር ሲያዝ ራሱ ቀለም ነው። የአገራችን ሠዓሊዎች ከአፈር ቀለም ማውጣት ከጥንት ያውቁበታል።

ሰቆጣን የጣሊያን ጦር የያዛት መጋቢት 19 ቀን፣ የማይጨው ውጊያ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ ታንኩ ለዋግ ብዙ አልጠቀመም፤ አምባና ገደል እንጂ የታንክ መንገድ የለበትምና። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በላስታና በዋግ ያስነሱትን የአርበኝነት ጦር ለማጥፋት የጣሊያን መንግሥት ብዙ ጦር ማሰማራት ነበረበት፤ ደጃዝማቹም በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ተይዘው ተገደሉ። የዚያ ዘመን የዋግ ተሽከርካሪ በቅሎ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሥዕል ማንሳት ይገባል። የአገር ባህል ሠዓሊዎች የማይጨውን ጦርነት በሸራ ሲሥሉ አውሮፕላንና ታንክ ያስገባሉ። ታንኩ ግን ምንጊዜም ንጹሕ ነው፤ አቧራ የለው፣ ጭረት የለው። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። በዚህ የሥዕል ልማድ ወገን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ጠላት በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። የሠዓሊው ጉዳይ ማን በደለ፣ ማን ተበደለ የሚለው ነው፤ አየሩና አቧራው አያገባውም። ሞዴል ሠሪው ግን ተቃራኒ ነው፤ በዳይና ተበዳይን ትቶ ፀሐይዋ ታንኩን በየት በኩል እንደመታችው ይጨነቃል። ሁለቱን አስታርቆ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ደስ ባለኝ።

የዘውዱ ዘመን ታንክ ለዚህ ሙያ ብዙ አይሰጥም። ከማይጨው በፊት አዲስ አበባ የደረሰው ስድስት ቶን የማይሞላ ፊያት 3000፣ ከጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካ የመጣው ኤም 41፣ ኋላም ጥቂት ኤም 60 ለሰልፍ የሚሆኑ የተወለወሉ ታንኮች ነበሩ። ከአሜሪካ ጋር በ1945 ዓ.ም. የተፈረመው ወታደራዊ ስምምነት ያመጣው አረንጓዴ ቀለም፣ በየጊዜው የሚታጠብ ገላ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ታንክ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ሲሄድ፣ የሄደው በአስፋልት ነው። ያንን ታንክ ለመቀባት አንድ አረንጓዴና ጥቂት የጎማ ጥቁር ይበቃል።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ቲ 34ና ቲ 55 ይዞ ኦጋዴን ገባ፤ ኢትዮጵያም ከሶቪየት በአውሮፕላንና በመርከብ ቲ 55ና ቲ 62 ተቀበለች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትመለስ ሶቪየት ሠራሽ ታንክ ከሶቪየት ሠራሽ ታንክ ጋር እየተታኮሰ ነበር። ለሞዴል ሠሪ ይህ ጌጥ ነው፤ ከሶማሊያ የተማረከ ታንክ በአሸዋማ ቀለሙ ላይ አረንጓዴ ሊደረብበት፣ አረንጓዴውም ሲላጥ ከሥሩ አሸዋው ሊታይ ይችላል። የፀጉር ስፕሬዩ ዘዴ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልት የዚያን ጦርነት መታሰቢያ ተሸክሞ ቆሟል።

በሰሜን ግን ታንኩ ረዥም ዕድሜ ኖረ። በ1973 ዓ.ም. ደርግን የተዋጋው ኢሕዴን ዋግ ውስጥ ሲመሠረት፣ የደርግ ብረት ለበስ ሰልፍ የሚመላለሰው በስተ ምሥራቅ ከደሴ በአላማጣና በማይጨው አድርጎ ወደ መቀሌ በሚወጣው መንገድ ነበር። ሠላሳ ስድስት ቶን የሚመዝነው ቲ 55 በእነዚያ ዳገቶች ላይ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ታንከኛ መሆን አያስፈልግም። የቲ 55 ሞዴል በእጁ የያዘ ሰው እነዚህን ይመልከት። የመንገድ ጎማዎቹ በየጎኑ አምስት ናቸው፤ ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፤ ትቢያና ጠጠር የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የጎማዎቹ ላስቲክ በስል ድንጋይ ጠርዝ ጠርዙ ይቦጨቃል፤ በምላጭ ጥቂት ቦታ ነክሶ ማንሳት ይበቃል። ጭሱ የሚወጣው በግራ በኩል ከኋላው ነው፤ ስለዚህ የግራው ጭቃ መከላከያ ጥላሸት ይለብሳል፣ የቀኙ አይለብስም። ብዙ ሰው ሁለቱንም ያጠቁራል። በቀኝ በኩል የነዳጅ ሣጥኖቹ አሉ፤ ሲሞሉ የሚፈሰው ናፍጣ አቧራውን አጥቦ የሚያብለጨልጭ ጠቆር ያለ መስመር ወደ ታች ይተዋል። አረንጓዴው እላዩ ላይ አመድ መስሎ፣ ከታች ግን እንደ ነበረ። ይህ ለአሥር ዓመት በደጋ ፀሐይ የቆመ፣ ቀለም ያልታደሰለት ታንክ ነው። ዝገቱ ገና ነው፤ ጭስ ማውጫው ላይና መጎተቻ ገመዱ ላይ ብቻ።

በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሽሬ ላይ የደርግ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ብዙ ታንክ ባለቤት ለወጠ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ታንኮች ውስጥ ከደርግ የተማረኩት እንደነበሩ ይታወቃል። የተመቱት ግን በየመንገዱ ዳር ቀሩ።

የቃጠሎ ዝገት የተለየ ነው። ታንክ ሲቃጠል ቀለሙ ተንኖ ይጠፋል፤ የጎማው ላስቲክ ነጭ አመድ ሆኖ ይረግፋል፤ እርቃኑን የቀረው ብረት ጤዛ እንኳ ካገኘው በቀናት ውስጥ ብርቱካንማ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ሞዴል ሠሪው እጁን መፍታት ያለበት። ዓመታት ሲያልፉ ብርቱካኑ ይጠቁርና ቸኮሌት መልክ ይይዛል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከየቀዳዳው የሚወርደው ውሃ ሥሩ ያለውን ድንጋይ ሳይቀር ቀይ መስመር ያሰምርበታል። ቆይቶ ሰው ይመጣል። የሚፈታ ብሎን ይፈታል፣ የሚቆረጥ ቆርቆሮ ይቆረጣል። በሰሜኑ አገር በገጠር ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ደጃፍ የመድፍ ቀለህ ተሰቅሎ እንደ ደወል ሲመታ ያልሰማ መንገደኛ ጥቂት ነው። ልጆቹም የሳርዲን ቆርቆሮና ሽቦ አጣምረው፣ ቆርኪ ወይም የነጠላ ጫማ ሶል ጎማ አድርገው መኪና ይሠራሉ። ሳጥንም መመሪያም የላቸውም፤ የታሚያ ሳጥን በአገራችን ገበያ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። የሚሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ የጭነት መኪና ነው።

ስለዚህ የተጣለ ታንክ ሞዴል ሲሠራ ዋናው ሥራ የጎደለውን ማወቅ ነው። ክዳኖቹ የሉም፤ መብራቱ የለም፤ መሣሪያ የሚቀመጥባቸው ሣጥኖች ባዶ ናቸው። ከሳጥን የወጣውን ሁሉ አጣብቆ በላዩ ዝገት የሚቀባ ሰው የተጣለ ታንክ ሳይሆን የታመመ ታንክ ይሠራል።

በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዩክሬን ቲ 72 ታንኮች ለመግዛት ውል መግባቷ ተዘገበ። የእነሱን ሞዴል ታሚያም ሌሎችም ያወጣሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዋግ ሕዝብ ታንክን እንደገና በደጁ አየ፤ ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ከተማዋ ውስጥ ተጠልለው ቆዩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በጥር ወር አጉላዕ ላይ ከባድ መሣሪያ ማስረከብ ተጀመረ። ያኔ የወጡት ፎቶግራፎች ባለ ቀለም ናቸው፤ ለሞዴል ሠሪ ከማይጨው ዘመኖቹ ይልቅ እጅግ የተሻሉ ማስረጃዎች ናቸው። አቧራው የት ድረስ እንደወጣ፣ ቀለሙ የት እንደተላጠ በግልጽ ይታያል።

የዚህን ዘመን ታንክ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚል መልሴ ይቻላል ነው፤ እኔ ግን አሁን አልሠራውም። የደምበጉናውን 9 ሳንቲ ሜትር ታንክ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና የዚህኛውን ማስቀመጥ ዛሬ ሰቆጣ ላለ ሰው አንድ አይደለም። ለወደፊት መሥራት የሚሻ ሰው ፎቶውንና ቀኑን አሁኑኑ ይሰብስብ፤ የተጣለው ብረት ወደ ማቅለጫ መሄዱ አይቀርም፣ ከዚያ በኋላ የቀለሙ ማስረጃ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶውን ለማንሳት ግን ራቅ ብሎ ይቁም፤ ታንኩ ላይ አይውጣ፣ ሆዱን አይክፈት፣ ሥሩ ያለውን ቀለህ አያንሳ። ያልፈነዳ ጥይት ውስጡ እንዳለ ቀለሙን አይቶ ማንም አያውቅም።